በቦዩ የሚወርደው ዶላር
የቆዳ ፋብሪካዎች የአካባቢ አያያዝ ለነጋዴው፣ ለደላላውና ለባለሀብቱ ምን ይነግረዋል?

ከቆዳ ፋብሪካ አጥር ሥር ሰማያዊ አረንጓዴ መልክ ያለው ውኃ ሲወርድ ያየ መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። የሠፈሩ ነዋሪ ያማርራል፤ ተቆጣጣሪው ናሙና በጠርሙስ ይቀዳል። ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ ግን በዚያ ውኃ ውስጥ ሌላ ነገር ሊታየው ይገባል። ውኃውን ያቀለመው ክሮም ነው። ክሮም ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ ፋብሪካ የገባ ኬሚካል ነው። ቆዳው ውስጥ መቅረት የነበረበት ዶላር በቦይ ወደ ወንዝ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ጉዳዩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይበልጥ ከብዷል። የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በባንክ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ይል የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ያው አንድ ከረጢት ክሮም፣ ያው አንድ በርሜል ቅባት በብር ሲተመን ዋጋው ወደ እጥፍ ተጠጋ። ፋብሪካው የሚያባክነውን መጠን ባይጨምር እንኳን የብክነቱ ዋጋ በራሱ ጊዜ ጨመረ።

“የአካባቢ አያያዝ” የሚባለው ነገር ለብዙ የንግድ ሰው የስብሰባ አዳራሽ ወሬ ይመስለዋል። ነገር ግን በዓለም ላይ የዚህ አሠራር መነሻ የሒሳብ ጉዳይ ነበር። ስሪ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 “ብክለትን መከላከል ያዋጣል” የሚል ትርጉም ያለው ፕሮግራም ሲጀምር፣ ቆሻሻን ከወጣ በኋላ ከማጣራት ከመጀመሪያው እንዳይወጣ ማድረግ ይረክሳል የሚል ስሌት ይዞ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. በ1989 “ንጹህ አመራረት” የሚለውን ሐሳብ ሲያስተዋውቅ መልእክቱ ያው ነበር። የእኛም ሰው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላል።

ለመሆኑ እነዚህ መሣሪያዎች ምንድን ናቸው? መሣሪያ ሲባል የግድ ማሽን ማለት አይደለም። ደብተር፣ ሚዛን፣ የውኃ ቆጣሪ፣ ቅደም ተከተል ያለው ሠንጠረዥና ኃላፊነቱ የታወቀ ሰው ማለት ነው። አብዛኛው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጥቶ እርጥቡ ክፍል ድረስ መሄዱን ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያ፦ እግርና ደብተር

ሥራው የሚጀምረው ከበር እስከ ቦይ በሚደረግ ጉብኝት ነው። ቆዳና ሌጦው ከሚራገፍበት መጋዘን ተነስቶ፣ ማጠቢያውን፣ የኖራውን ድራም፣ ሥጋና ሞራ የሚፋቅበትን ማሽን፣ የክሮም ድራሙን፣ ማቅለሚያውን፣ ማድረቂያውን እያለፈ እስከ መጨረሻው መውጫ ይደርሳል። በየጣቢያው የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ምን ገባ? ምን ወጣ? ያልተፈለገውስ ወዴት ሄደ?

ጉብኝቱ በሥራ ሰዓት ብቻ መሆን የለበትም። አንድ ጊዜ በምሳ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ በሌሊት ፈረቃ ቢደረግ ይመረጣል። ድራሙ ቆሞ ቧንቧው ክፍት ከሆነ፣ የውኃ ጎማ መሬት ላይ ተጥሎ የሚፈስ ከሆነ፣ የኬሚካል ከረጢት ተቀዶ በርጥበት የረጋ ከሆነ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ለእነዚህ መፍትሔው አማካሪ መቅጠር አይደለም፤ የውኃ ጎማው ጫፍ ላይ መዝጊያ መግጠምና ከረጢቱን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ፦ የገባውንና የወጣውን ማመዛዘን

እህል ነጋዴ ጎተራ ያስገባውንና ያወጣውን ኩንታል ቆጥሮ ልዩነቱን ይጠይቃል። በፋብሪካ የቁሳቁስ ሚዛን የሚባለውም ይኸው ነው። ለቆዳ ሥራ ይህ ሚዛን አስደንጋጭ ውጤት ያሳያል። በተለመደው አሠራር ከ1 ቶን በጨው ከተያዘ ጥሬ ቆዳ የሚገኘው ያለቀለት ቆዳ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። የቀረው ጨው፣ ፀጉር፣ ሞራ፣ ፍቅፋቂና ቁርጥራጭ ሆኖ ይወጣል። ለዚያው 1 ቶን የሚፈሰው ውኃ ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሜትር ኩብ ይደርሳል።

አሁን ክሮሙን እንውሰድ። ለስሌት ያህል በቀን 5 ቶን በኖራ ያለፈ ቆዳ ወደ ክሮም ድራም የሚያስገባ ፋብሪካ አለ እንበል። በተለመደው አሠራር ከቆዳው ክብደት 8 በመቶ የክሮም ዱቄት ይጨመራል፤ ይህም በቀን 400 ኪሎ ግራም ነው። ቆዳው የሚወስደው 70 በመቶውን ነው ብንል 120 ኪሎ ግራሙ ከውኃው ጋር ይወጣል። በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢታሰብ 36,000 ኪሎ ግራም ማለትም 36 ቶን የተገዛ ክሮም ቦይ ገባ ማለት ነው።

የውኃውን መጠን በመቀነስ፣ ሙቀትንና የአሲዱን ልክ በመቆጣጠር፣ የድራሙን የማሽከርከሪያ ጊዜ በማስተካከል ቆዳው የሚወስደውን ወደ 90 በመቶ ማድረስ ይቻላል። በምሳሌያችን ፋብሪካ የሚባክነው በቀን 40 ኪሎ ግራም፣ በዓመት 12 ቶን ይሆናል። ልዩነቱ 24 ቶን፣ በ25 ኪሎ ከረጢት ሲቆጠር 960 ከረጢት ነው። አንባቢ የራሱን የግዢ ደረሰኝ አውጥቶ በአንዱ ከረጢት ዋጋ ያባዛው።

ውኃውም እንዲሁ ነው። በቀን 5 ቶን ጥሬ ቆዳ የሚያስገባ ፋብሪካ ለአንዱ ቶን 40 ሜትር ኩብ ከሚያፈስ ወደ 25 ቢያወርደው በቀን 75፣ በዓመት 22,500 ሜትር ኩብ ይተርፈዋል። አንዱን ሜትር ኩብ ፋብሪካው የሚከፍልበት ሦስት ጊዜ ነው፦ ሲገዛው ወይም ከጉድጓድ ሲስበው፣ ሲያሞቀው፣ በመጨረሻም ሲያጣራው።

ሦስተኛው መሣሪያ፦ የብክነቱን እውነተኛ ዋጋ ማውጣት

በብዙ ድርጅቶች የሒሳብ መዝገብ “የቆሻሻ ወጪ” ተብሎ የሚመዘገበው የመኪና ኪራይና የማጣሪያው ወጪ ብቻ ነው። ይህ ከትልቁ ወጪ ጫፉን ብቻ ማየት ነው። አንድ ኪሎ የተጣለ ቁርጥራጭ ቆዳ ጥሬ ቆዳው የተገዛበት ዋጋ አለበት፣ ጨው፣ ኖራና ክሮም አለበት፣ መብራትና የሠራተኛ ደመወዝ አለበት። በምርት መጨረሻ የተጣለ ቁራጭ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሁሉም ወጪ ከወጣበት በኋላ የተጣለ ነውና።

ይህን ስሌት በደረጃ መልክ ያስቀመጠው አይኤስኦ 14051 የተባለው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው። አሠራሩ ምርቱንና ብክነቱን እንደ ሁለት ዕቃ አድርጎ ለሁለቱም የየራሳቸውን ወጪ ማካፈል ነው። ስታንዳርዱን ያልገዛ ፋብሪካም ቢሆን የሒሳብ ሹሙንና የምርት ኃላፊውን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለአንድ ወር ሊሞክረው ይችላል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ አብረው መቀመጣቸው ራሱ የሚያመጣው ለውጥ አለ። አንዱ ኪሎውን ያውቃል፤ ሌላው ብሩን ያውቃል።

አራተኛው መሣሪያ፦ የትኛው ይቅደም?

ጉብኝቱና ሚዛኑ ሲያልቅ ደብተሩ በችግር ይሞላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ እነካለሁ ያለ አንዱንም አይጨርስም። ስለዚህ ችግሮቹ በሠንጠረዥ ተዘርዝረው ነጥብ ይሰጣቸዋል። ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ ነው? ምን ያህል ጊዜ ይደርሳል? ሕግ ይነካል? ገንዘብ ያስወጣል? እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ተሰጥቶት ከላይ የወጡት ይቀድማሉ።

ነጥብ አሰጣጡ የሚጠቅመው ዓይን ያልለመደውን አደጋ ስለሚያወጣ ነው። ምሳሌ እንጥቀስ። ፀጉር ለማራገፍ ሶዲየም ሰልፋይድ ከኖራ ጋር ይጨመራል። በኋላ ደግሞ ቆዳው ለክሮም ሲዘጋጅ አሲድ ውስጥ ይገባል። የሁለቱ ፍሳሾች በአንድ ቦይ ከተገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በጥቂቱ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ራሱን ስለሚያደነዝዝ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። በልዩ ልዩ አገሮች የፍሳሽ ጉድጓድ ሊያጸዱ የወረዱ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ እነሱን ሊያወጡ የገቡትም ጭምር፣ በዚህ ጋዝ ሞተዋል። በየቀኑ የሚያጋጥም ባለመሆኑ ጉዳዩ ይረሳል። ሠንጠረዡ ላይ ግን “ጉዳት” በሚለው ረድፍ 5 ነጥብ ስለሚያገኝ ሊረሳ አይችልም። መፍትሔው ሁለቱን ቦዮች መለየት፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለ መለኪያና ያለ ጠባቂ ማንም እንዳይወርድ መከልከል ነው።

ማጣሪያ ከመገንባት በፊት

ፍሳሽ በዛ ሲባል ብዙ ባለሀብት በቀጥታ የሚያስበው ትልቅ ማጣሪያ ስለመትከል ነው። ማጣሪያ አስፈላጊ ነው፤ ጥያቄው ስንት ሜትር ኩብና ምን ያህል የተበከለ ውኃ የሚችል ይሁን የሚለው ነው። ውስጡን ሳያስተካክል የሚገነባ ሰው ብክነቱን ልክ አድርጎ ይገነባል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ይሆንበታል። በቆዳ ሥራ ከማጣሪያው በፊት የሚወሰዱ የታወቁ እርምጃዎች እነዚህ ናቸው፦

ጨውን ማራገፍ። በጨው የተያዘ ቆዳ ውኃ ከመግባቱ በፊት ተራግፎ የላላው ጨው ለብቻው ይሰበሰባል። የሟሟ ጨውን የተለመደው ማጣሪያ አያስወግደውም፤ ወንዝ ከገባ ውኃውን ለመስኖ ያበላሻል።

በተራ ማጠብ። ቧንቧ ከፍቶ እየፈሰሰ ከማጠብ ድራሙን ሞልቶ፣ አሽከርክሮ፣ ደፍቶ እንደገና መሙላት የውኃ ፍጆታን በብዙ ይቀንሳል። የመጨረሻው እጣቢ ለሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ማጠቢያ ይሆናል።

ከኖራ በፊት መፋቅ። ሥጋና ሞራው ኖራ ከመግባቱ በፊት ቢፋቅ ኖራና ሰልፋይድ የሚባክነው በከንቱ ክብደት ላይ አይሆንም። የተፋቀውም ሞራ ኬሚካል ያልነካው ስለሚሆን ለመሸጥ ይቀላል።

ፀጉርን ሳያሟሙ ማውጣት። ፀጉሩን በሰልፋይድ አሟሙቶ ከመልቀቅ ሥሩን አላቅቆ በወንፊት መሰብሰብ የፍሳሹን የብክለት ጭነት በእጅጉ ያቃልላል።

ክሮምን መልሶ መጠቀም። የክሮሙ ፍሳሽ በተለየ ቦይ ተጠራቅሞ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ሲጨመርበት ክሮሙ ዝቃጭ ሆኖ ይረጋል። ውኃው ከላይ ይቀዳና ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል። የተገኘው ክሮም ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ እንደገና ድራም ይገባል።

የመጨረሻው ገንዳና ፓምፕ ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን የሚጠይቁት ከሁሉ በላይ ቁጥጥር ነው።

ደላላውና የቆዳ ነጋዴውስ?

ነገሩ የፋብሪካው ብቻ ይመስላል። አይደለም። ፋብሪካው የሚያባክነው ውኃና ኬሚካል ግማሽ ታሪኩ የሚጀምረው ከእርድ ቦታው ነው። በበዓል ሰሞን በየቤቱ የሚታረደው በግና ፍየል ሌጦ ቢላ ካገኘው፣ ጨው ሳይነካው ውሎ ካደረ ወይም ፀሐይ ላይ ከከረመ ደረጃው ይወርዳል። በሕይወት ሳለ እከክ የመታው በግ ሌጦ ደግሞ ይብሳል፤ ነጠብጣቡ ከፀጉሩ ሥር ስለሚደበቅ ፀጉሩ ከተራገፈ በኋላ ነው ጎልቶ የሚወጣው። በዚያን ጊዜ ጨው፣ ውኃ፣ ኖራና ሰልፋይድ ወጥቶበታል። ወድቆ የሚቀር ሌጦ ሁሉ ያን ሁሉ ይዞ ይወድቃል።

ክብደት ለመጨመር ጨው የሚያበዛ፣ አሸዋ የሚደባልቅ ሰውም አለ። ያ ጨው ፋብሪካው ውስጥ ሲደርስ ወደ ቦይ የሚሄድ ጨው ነው፤ ያ አሸዋ የፓምፕ ጥርስ የሚበላ አሸዋ ነው። ፋብሪካው ይህን ኪሳራ በሚቀጥለው ግዢ ዋጋ ላይ ከነጋዴው ላይ ያነሳዋል። ስለዚህ ገዢው ፋብሪካ የቁሳቁስ ሚዛን መያዝ ሲጀምር፣ የእያንዳንዱ አቅራቢ ሌጦ ስንቱ ለየትኛው ደረጃ እንደበቃ በመዝገብ ይታያል። ለጥሩ ነጋዴ ይህ መልካም ዜና ነው። በጅምላ ከሚሰጥ ዋጋ ይልቅ በመዝገብ የተደገፈ ዋጋ ለመጠየቅ ያስችለዋልና። ደላላም ቢሆን “ጥሩ ሌጦ ነው” ከማለት አልፎ ያለፈውን ጭነት ውጤት ጠቅሶ ለመከራከር ይችላል።

የውጭው ገዢ ምን ይጠይቃል?

ሌላው ግፊት የሚመጣው ከገበያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1 ቀን 2015 ጀምሮ ገላ የሚነካ የቆዳ ዕቃ በአንድ ኪሎ ግራም 3 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ክሮም 6 ከተገኘበት እንዳይሸጥ ከልክሏል። ቆዳ የሚለፋው በክሮም 3 ነው፤ ይህ ከክሮም 6 የተለየና ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ቅባቱ በደንብ ካልተመረጠ፣ አሲዱ ከልክ በላይ ከተገደለ፣ ሙቀትና ደረቅ አየር ከተጨመረ ክሮም 3 ወደ ክሮም 6 ሊለወጥ ይችላል። ለጓንት ሥራ ተፈላጊ በሆነው የደጋ በግ ሌጦ ለሚነግድ አገር ጓንት ገላ የሚነካ ዕቃ መሆኑን መዘንጋት አይቻልም። የላቦራቶሪ ውጤት አንድ ጊዜ ከወደቀ የሚመለሰው ጭነቱ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛውም ነው።

ከሕጉ ጎን ደግሞ የገዢዎች የራሳቸው ማኅበር አለ። ሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2005 በታዋቂ የጫማ ኩባንያዎችና በቆዳ አምራቾች የተቋቋመ ሲሆን፣ ፋብሪካዎችን እያስመረመረ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ደረጃ ሲሰጥ ቆይቷል። መርማሪው የሚጠይቀው በአንድ ስኩዌር ሜትር ቆዳ ስንት ውኃና ስንት ጉልበት እንደፈሰሰ፣ ኬሚካሉ እንዴት እንደሚያዝ፣ ጥሬ ቆዳው ከየት እንደመጣ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ሳምንት ዝግጅት መመለስ አይቻልም። ከላይ የተዘረዘሩትን ደብተሮች ሲይዝ የቆየ ፋብሪካ ግን መልሱን ከመደርደሪያው ያወርዳል።

ስርተፊኬትና ሥራ

አይኤስኦ 14001 የተባለው የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት ስታንዳርድ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በ2004 እና በ2015 ተሻሽሏል፤ በ2024 ደግሞ ድርጅቶች የአየር ንብረት ለውጥን ጉዳይ እንዲያገናዝቡ የሚል ማሻሻያ ተጨምሮበታል። አሠራሩ አራት እግር አለው፦ ማቀድ፣ መሥራት፣ ማረጋገጥ፣ ማስተካከል። ፋብሪካው ምን እንደሚበክል ይዘረዝራል፤ ምን ሕግ እንደሚመለከተው ይመዘግባል፤ ዓላማ አስቀምጦ ኃላፊ ይመድባል፤ በራሱ ሰዎች ኦዲት ያደርጋል፤ ሥራ አስኪያጁ ውጤቱን ይገመግማል።

እዚህ ላይ ባለሀብቱ እንዳይሳሳት መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ። ስታንዳርዱ የአሠራር ሥርዓት መኖሩን ይመሰክራል እንጂ ፍሳሹ ይህን ያህል ሚሊ ግራም መሆን አለበት ብሎ ቁጥር አያስቀምጥም። ቁጥሩን የሚያስቀምጠው የአገሩ ሕግ ነው። ስለዚህ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስርተፊኬት የውኃውን ላቦራቶሪ ውጤት አይተካም። ሁለቱንም መጠየቅ ያሻል።

በውስጥ የሚደረገው ኦዲትም የሚጠቅመው የምርት ክፍሉን የምርት ክፍሉ ራሱ ካልመረመረው ነው። የመጋዘኑ ሰው እርጥቡን ክፍል፣ የእርጥቡ ክፍል ሰው መጋዘኑን ቢመረምር ያልታየው ይታያል። የተገኘው ጉድለት “ይታረም” ተብሎ ከታለፈ ውጤት የለውም። ማን ያርመዋል? እስከ መቼ? ማን አይቶ ይዘጋዋል? የሚሉት ሦስት ረድፎች መሞላት አለባቸው።

ሕጉ ዝም ሲል

በአገራችን ሕጉ አዲስ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በካይ ያደረሰውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል የሚያስገድድ ሲሆን፣ ብክለትን ለመቆጣጠር ለሚገባ አዲስ መሣሪያ በባለሥልጣኑ ሲረጋገጥ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ እንዲሆን የሚል ማበረታቻም አስፍሯል። ቅጣቱን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ማበረታቻውን የጠየቀስ ስንቱ ነው? ማሽን ለማስገባት ያሰበ ሰው ሥራ ላይ ያለውን ሕግና መመሪያ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቆ ማመልከቻውን ዕቃው ወደብ ሳይደርስ ቢያስገባ ያተርፋል።

ቁጥጥሩ ላልቶ ሲቆይ ሰው ሁልጊዜ እንደዚያ የሚቆይ ይመስለዋል። የሌላውን አገር ታሪክ ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በህንድ ታሚል ናዱ ግዛት በፓላር ወንዝ ዳር ለዓመታት ፍሳሻቸውን ሲለቁ የኖሩ ቆዳ ፋብሪካዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እያንዳንዳቸው 10,000 ሩፒ እንዲቀጡ፣ በተሰጣቸው የጊዜ ገደብ ማጣሪያ ያላቆሙ እንዲዘጉ ወሰነ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ መዘጋቱ ግን ትንሽ አልነበረም።

በባንግላዴሽ ደግሞ በዳካ ከተማ ሐዛሪባግ ሠፈር የነበሩት ፋብሪካዎች ወደ ሳቫር እንዲዛወሩ ለዓመታት ሲነገራቸው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 በፍርድ ቤት ትእዛዝ መብራት፣ ጋዝና ውኃ ተቆረጠባቸው። ወደ ሳቫር ከሄዱ በኋላም ችግሩ አላበቃም። የጋራው ማጣሪያ እንደታሰበው ባለመሥራቱ ብዙዎቹ በገዢዎች ዘንድ የሚፈለገውን ደረጃ ለማግኘት ተቸግረዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የጋራ ማጣሪያ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ክሮሙንና ጨውን በራሱ ግቢ ካላስቀረ የጋራው ማጣሪያ ይታነቃል፤ አንዱ ያበላሸው ለሁሉም ይተርፋል።

ለሞጆና ለአዲስ አበባ ዙሪያ ፋብሪካዎች ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። የሞጆ ወንዝ ውኃ ወደ ቆቃ ይወርዳል፤ የአቃቂ ወንዞች አባ ሳሙኤል ይገባሉ። በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው ገበሬ ምርቱን መልሶ ለከተማው ይሸጣል። በጠዋት በቦይ የተለቀቀው በምሳ ሰዓት ገበታ ላይ ሊመለስ ይችላል።

ገንዘብ ከማዋጣት በፊት

በቆዳ ፋብሪካ አክሲዮን ለመግዛት፣ በሽርክና ለመግባት ወይም በብድር ለመደገፍ ያሰበ ሰው ከሒሳብ ሪፖርቱ ጋር ቢያንስ እነዚህን ቢጠይቅ አይጎዳም፦

አንደኛ፣ ያለፉት 12 ወራት የውኃ ቆጣሪ ንባብና ድራም የገባው ቆዳ ክብደት ጎን ለጎን ይቅረብ። ቆጣሪ ከሌለ ፋብሪካው የሚያወጣውን አያውቅም።

ሁለተኛ፣ የተገዛው ክሮምና የተመረተው ቆዳ መጠን ይነጻጸር።

ሦስተኛ፣ የማጣሪያው መብራት ለብቻው ቆጣሪ ይኑረው። ምርት ሲጨምር የማጣሪያው መብራት ካልጨመረ ማጣሪያው ለጎብኚ የሚከፈት፣ በሌሊት የሚዘጋ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

አራተኛ፣ ዝቃጩ የት ነው? የሚሠራ ማጣሪያ ሁሉ ዝቃጭ ያወጣል። ለዓመታት ሠርቻለሁ የሚል፣ ነገር ግን ዝቃጭ የወሰደበትን መዝገብ ማሳየት የማይችል ፋብሪካ ወይ አላጣራም ወይ የሆነ ቦታ ደፍቶታል። የተደፋው መሬት ዕዳ ከሻጩ ወደ ገዢው ይሻገራል።

አምስተኛ፣ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተጻፉ ደብዳቤዎችና የተሰጡ መልሶች በሙሉ ይቅረቡ።

ስድስተኛ፣ የአካባቢ ጉዳይ ኃላፊው ማን ነው? ተጠሪነቱስ ለማን ነው? ስሙ በድርጅቱ መዋቅር ላይ ኖሮ ድራም የማስቆም ሥልጣን ከሌለው ሹመቱ ለወረቀት ነው።

እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ለመመለስ የሚቸገር ፋብሪካ የግድ መጥፎ ፋብሪካ አይደለም። ነገር ግን የሚጠይቀው ዋጋ ሊቀነስ ይገባል። በአንጻሩ መልሱ የተሟላ ከሆነ፣ ገዢው የሚገዛው ማሽንና ሕንጻ ብቻ ሳይሆን የሚቆጠር ሥራ ነው።

ለሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጅማሬው ከባድ አይደለም። በመጪው ሰኞ በዋናው የውኃ መስመርና በክሮም ድራሙ መስመር ላይ ሁለት ቆጣሪ ያስገጥም፤ አንድ ሰው በየፈረቃው እንዲያነብ ይመድብ፤ የክሮም ከረጢት ከመጋዘን ሲወጣ ከቆዳው ክብደት ጋር እንዲመዘገብ ይዘዝ። ከአንድ ወር በኋላ ወረቀቱን ለሒሳብ ሹሙ ሰጥቶ በብር እንዲተምነው ያድርግ። ከዚያ በኋላ ስለ ወንዙ የሚመክረው ሰው አያስፈልገውም፤ የራሱ ሒሳብ ይነግረዋል።